«አባትሽ መስክ ወጥቷል»

የተከበራችሁ የትምህርት ቤት አማካሪዎች፣ መምህራንና አሳዳጊዎች፣

ወላጁ የታሰረበት ልጅ ወደ አማካሪ ቢሮ የሚመጣው ስለ እስሩ ሊያወራ አይደለም። ተደባደበ፣ የቤት ሥራ አልሠራም፣ ክፍል ውስጥ ተኛ ተብሎ ነው። የሚጠብቀው ደግሞ የለመድነው ትእዛዝ ነው፦ «ወላጅ አምጣ!» የትኛውን ያምጣ? እባካችሁ ይህችን ቃል ትታችሁ «ቤት ውስጥ ማን ይከታተልሃል?» በሉ። ወጪ የለውም።

ቤት ውስጥ «አባትሽ መስክ ወጥቷል»፣ «እናትህ አረብ አገር ሄዳለች» ይባላል። ልጁ እንዳይጎዳ ታስቦ ነው። ልጁ ግን የስልኩን ሹክሹክታ ይሰማል፣ ቅዳሜ ጠዋት ስንቅ ሲቋጠር ያያል። በመጨረሻም እውነቱን ከሰፈር ልጅ አፍ፣ በስድብ መልክ ይሰማዋል። ከዚያ ወዲያ አያቱ የምትነግረውን ሁሉ መጠራጠር ይጀምራል።

እውነቱን የሚነግረው አሳዳጊው ይሁን፤ አማካሪው አስቀድሞ ያለማምደው። አጭር ንግግር ይበቃል፦ «አባትህ ታስሯል። ጉዳዩን ፍርድ ቤት እያየው ነው። በአንተ ጥፋት አይደለም። የማበላህም ትምህርት ቤት የማደርስህም እኔ ነኝ።» «በአንተ ጥፋት አይደለም» የምትለዋን እንዳትዘሏት። ትንሽ ልጅ ጠዋት አባቱን አስቆጥቶ ማታ ፖሊስ ከመጣ ሁለቱን ያገናኛቸዋል፤ ስለዚህ ደጋግማችሁ ንገሩት። የወንጀሉ ዝርዝር ለ6 ዓመት ልጅ አያስፈልግም። ከ14 ዓመቱ ልጅ ብትደብቁት ግን ከስልኩ ያገኘዋል።

ብዙ የሚበላሸው በቀን ቆጠራ ላይ ነው። በተለመደው የወንጀል ምርመራ አንድ የጊዜ ቀጠሮ፣ ማለትም ፍርድ ቤት ለፖሊስ የሚፈቅደው የምርመራ ጊዜ፣ ከ14 ቀን አይበልጥም፤ ግን ይደጋገማል። «በቀጠሮው ይለቀቃል» የተባለ ልጅ በየሁለት ሳምንቱ እንደ አዲስ ያዝናል። «ቀጠሮው ሐሙስ ነው፤ የሆነውን ማታ እነግርሃለሁ» በሉት፤ ማታም ንገሩት። ከተፈረደ በኋላ አመክሮ፣ ማለትም ቅጣቱ ሳያልቅ በጠባይ መፈታት፣ አለ፦ 6 ዓመት የተፈረደበት ሰው ሁለት ሦስተኛውን፣ ማለትም 4 ዓመቱን ሲጨርስ ሊጠይቅ ይችላል። ሆኖም ጠባዩ ይታያል፣ ውሳኔም ይጠይቃል። ለልጁ ረጅሙን ቁጥር ንገሩት። «ለእንቁጣጣሽ በይቅርታ ይወጣል» ማለትማ ይቅር፤ በዓሉ ሲደርስ በር በሩን እያየ ይውላል።

ወደ ጥየቃ ከመሄዱ በፊት የሚያየውን ሁሉ ንገሩት፦ ፍተሻ አለ፣ ምግቡ ይቀመሳል፣ መሃል ላይ አጥር ሊኖር ይችላል፣ ሁሉም ስለሚጮህ መስማት ያስቸግራል፣ መተቃቀፍ ላይፈቀድ ይችላል። ከአዲስ አበባ ዝዋይ ማረሚያ ቤት 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደርሶ መልስ ቀኑን ይፈጃል። የሚያወራው እንዳይጠፋው ሁለት ወሬና አንድ ጥያቄ ይዞ ይሂድ። ሲመለስ ጥቂት ቀን ሊያለቅስ፣ አልጋ ላይ ሊሸና፣ ሊጣላ ይችላል። አሳዳጊዎች «ጥየቃው አበላሸው» ብለው የሚያስቀሩት እዚህ ላይ ነው። ብዙውን ጊዜ ግን ናፍቆት ነው፤ በማግስቱ እረፍት ስጡት፣ በሁለት ቀን ውስጥ አማካሪው ያግኘው። ታሳሪው ልጁን ራሱን የበደለ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ አታስገድዱት።

ምክክሩ በሳምንት አንዴ፣ 30 ደቂቃ፣ በአንድ ቀንና ሰዓት ይሁን። የስፖርት ክፍለ ጊዜውን አትንኩበት። በሰልፍ ላይ ስሙን አትጥሩ። በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ስለ እስሩ አትጠይቁት፤ ይሳል፣ ይጫወት። ፋይሉ ላይ የክሱን ዓይነት አትጻፉ፤ ለሥራችሁ አያስፈልግም፣ ፋይል ደግሞ ይነበባል። ለክፍል ጓደኞቹ የሚመልሰውን ግን ጮክ ብሎ ይለማመድ፦ «አባቴ አሁን ከእኛ ጋር አይኖርም፤ ስለሱ ማውራት አልፈልግም።»

ወላጁ ዓይኑ እያየ የተያዘበት ልጅ ቅዠቱና ድንጋጤው ከአንድ ወር ካለፈ ወደ አእምሮ ሐኪም ላኩት። ራሴን እጎዳለሁ ካለ ግን ያኑ ዕለት።

አንድ ነገር ልጨምር። የውጤት ካርድ ስትሰጡ ኮፒ አንሡና ለአሳዳጊው ስጡ፤ ከስንቁ ጋር ይግባ። በር ላይ ስለሚታይ ከጎኑ የሚጻፈው ደብዳቤ አጭርና ግልጽ ይሁን። አባትየው ከኮፒው ጀርባ ሁለት መስመር ጽፎ፣ ፈርሞ ይመልሰው።