ሣር የተዘራበት ማሳ ጾም አላደረም

የተከበራችሁ አርሶ አደሮች፣ የግብርና ባለሙያዎች፤

የተጋበዝኩት ስለ ሰብል ማፈራረቅ በጠቅላላው እንድናገር ነው። አብዛኛውን ታውቁታላችሁና ሁላችንም አፍ ላይ ያለችውን አንዲት አነጋገር ላንሳ። በስንዴ ፈንታ ለጥቂት ዓመታት ሣርና ማገጥ (ባለ ሦስት ቅጠል የመኖ ተክል) ተደባልቆ የተዘራበትን ማሳ አይተን “ጾም አደረ” እንላለን።

አላደረም! የሣሩ ሥር ደቃቁን አፈር እያያያዘ ፍርፋሪ ያደርገዋል፤ ዝናቡም ይሰርጋል እንጂ አፈሩን ጠርጎ አይሄድም። ማገጡ ደግሞ በሥሩ እብጠቶች ውስጥ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት ከአየር ናይትሮጅን ይይዛል። ጥሩ በያዘ ማሳ ይህ በሄክታር በዓመት ከ100 እስከ 200 ኪሎ ግራም ይደርሳል፤ በዩሪያ ቢሰላ ከሁለት እስከ አራት ኩንታል በላይ ማለት ነው። ይህን የሚሠራ መሬት ነው ጾመኛ የምንለው?

ስሙ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ጾም አደረ ያልነውን ማሳ ግን አንንከባከበውም። አሲዳማነቱን በኖራ አናክምም፣ ፎስፎረስ እንነፍገዋለን። ማገጡን ንቀሉና አንዱን እብጠት በጥፍር ሰንጥቁት፦ ውስጡ ቀላ ካለ እየሠራ ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ናይትሮጅን አትጠብቁ። ሣሩ ቶሎ እንዲያድግ ዩሪያ የምትበትኑም፣ ሣሩ አይሎ ማገጡን በጥላው ይገድለዋል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ድርቆሹ ነው። ከአንድ ሄክታር በዓመት 8 ቶን ደረቅ ድርቆሽ ወጣ እንበል። ከዚያ ውስጥ 2 በመቶው ተክል ከአፈር የሚወስደው ፖታሲየም ቢሆን 160 ኪሎ ግራም ነው። በሦስት ዓመት 480! ይህን ሁሉ ጭነን እናወጣለን፤ ፍጉን ሌላ ቦታ እንደፋለን። ከዚያ ፖታሲየም አንሶት የስንዴው የታች ቅጠል ጠርዙ ተቃጥሎ፣ አገዳው ሲልፈሰፈስ “ሣሩ መሬቱን ጨረሰው” እንላለን። የጨረስነው እኛ ነን! ከብቱ እዚያው ቢግጥ ከበላው ንጥረ ነገር አብዛኛው በእበትና በሽንት ይመለሳል። ታጭዶ ከወጣም ፍጉ ወደዚያው ማሳ ይመለስ።

የቀረውን ባጭሩ። የማገጥ ዘር ደቃቅ ስለሆነ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ አይቀበር፤ አፈሩም ጠቅጠቅ ይበል። ሣሩ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ይቆይ። ሲገለበጥ ለስንዴው ዘር ቅርብ በሆነ ጊዜ ይሁን፤ ባዶውን ዝናብ ካገኘው ናይትሬቱ፣ ማለትም በውኃ የሚሟሟው ናይትሮጅን፣ ከሥር በታች ይታጠባል። ሆኖም ማገጡ ሳስቶ ሣሩ ደርቆ ከተገለበጠ፣ የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅኑን ይሻሙና ቡቃያው ለጊዜው ቢጫ ይሆናል። ማገጥ በበዛበት ማሳ ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት ስንዴ ላይ ዩሪያውን ቀንሱ፤ አለዚያ አገዳው ይጋሽባል፣ መሬት ላይ ይተኛል። ቡቃያው እዚህም እዚያም ከሳሳ ሥሩን ቆፍራችሁ ቢጫ ጠንካራ ትል ፈልጉ፤ ሣር ለብሶ በከረመ መሬት ላይ ይበዛል።

ሁለተኛው ሰብል ከዚያ ናይትሮጅን የሚያገኘው ያነሰ ነው፤ ዩሪያው እዚያ ላይ ይጨመር። የሚቀጥለው ሣርና ማገጥም በመጨረሻው ሰብል ውስጥ ይዘራ፤ ለዚያ ሲባል የሰብሉ ዘር ሳሳ ይበል።

አመሰግናለሁ።