የቆሸሸ ቁስል አይሰፋም!

እንደምን አደራችሁ። ክቡራን እንግዶች፣ ዶክተሮች፣ ሲስተሮች፣ እናንተም ዛሬ ሰርተፊኬት የምትወስዱ ልጆች። ፕሮግራሙ ላይ «ስለ ቁስል፣ ኢንፌክሽንና ፈውስ፣ 10 ደቂቃ» ተብሎ ነው የተጻፈልኝ። ይሄ ሁሉ በ10 ደቂቃ አያልቅም፣ አዘጋጆቹም ያውቁታል፣ እኔን ደግሞ ስለምታውቁኝ የት ላይ እንደምቸከል ገምታችኋል።

ስፌት ላይ ነው።

አንድ ገበሬ እንጨት ሲፈልጥ መጥረቢያው ይስትና ባቱን ይመታዋል። ቤተሰቡ ደሙ እንዲቆም ብለው የተፈጨ ቡና ነሰነሱበት፣ በጨርቅ አሰሩት፣ እነሱ ላይ አልፈርድም፣ ቤት ያለው እሱ ነው። ከዛ ተሸክመው ቅርባቸው ያለ ጤና ተቋም አደረሱት፣ ስሙን አልጠራም። እዛ ምን ተደረገለት መሰላችሁ፣ ላይ ላዩን በአዮዲን ጠረግ ጠረግ ተደረገና ግጥም ተደርጎ ተሰፋ። ስፌቱ ደሞ ሲያምር! ጥልፍ በሉት። ሴፍትሪያክሰን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ተወጋ፣ በሳምንት ና ክሩን እናወጣልሃለን ተባለ። እሱ ግን ሳምንትም አልቆየ፣ በ4ኛው ቀን በቃሬዛ እኛ ጋ መጣ። ባቱ ተወጥሯል፣ ቆዳው ጠቁሯል፣ በጣታችሁ ጫን ስትሉት ከስር ትር ትር ይላል፣ ጋዝ ነው። ሲስተር ክሩን ስትቆርጠው ክፍሉ በመጥፎ ጠረን ተሞላ፣ ከውስጥ ቡናው ወጣ፣ አፈር ወጣ፣ የሱሪው ቁራጭ ሳይቀር ወጣ፣ ጡንቻው የተቀቀለ ይመስላል፣ ቢቆረጥም አይደማም። ነፍሱ ተረፈች። እግሩን ከጉልበት በላይ ቆረጥነው።

እና አሁን ልጠይቃችሁ፣ ያንን እግር የቆረጠው መጥረቢያው ነው? አይደለም! ያ የሚያምረው ስፌት ነው! አየር የማይወድ ባክቴሪያ ከነምግቡ ውስጥ ዘግተንበት፣ በሩን ቆልፈን፣ «አንቲባዮቲክ ሰጥቼዋለሁ» እንላለን። አንቲባዮቲክ በምን ይሄዳል? በደም። የሞተ ስጋ ደም አለው? የለውም። ታዲያ መድኃኒቱ በምን በኩል ይድረስ? ሴፍትሪያክሰን ቆሻሻ አያጥብም፣ የሞተ ጡንቻ አይቆርጥም፣ ያ የእኛ የእጅ ስራ ነው!

ይሄ አዲስ ነገር ቢሆን እኮ አልናደድም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፈረንሳይና ቤልጂየም ውስጥ ወታደሩ የሚቆስለው ፍግ በጠገበ የእርሻ መሬት ላይ ነበር፣ መጀመሪያ ላይ የተሰፋው ቁስል በጋዝ ጋንግሪን፣ ያን ገበሬ በያዘው በሽታ፣ ስንቱን ጨረሰ፣ ከዛ ሐኪሞቹ የሞተውን ቆርጦ ማውጣትና ክፍቱን መተው ተማሩ። ፍሌሚንግ ፔኒሲሊንን ያገኘው በፈረንጆቹ 1928 ነው፣ ማለት እነዛ ሰዎች ያለ አንቲባዮቲክ የገባቸው ነገር ነው ለእኛ ከነአንቲባዮቲኩ እምቢ ያለን። ቀይ መስቀል ዛሬም የጦር ቁስልን እንደዛው ነው የሚያክመው፣ ያጥባል፣ ይቆርጣል፣ ክፍቱን ይተዋል፣ በ4ኛ በ5ኛው ቀን ንጹህ ከሆነ ይሰፋል።

አውቃለሁ፣ ችግሩ ምን እንደሆነ። ክፍቱን ስትልኩት ቤተሰቡ «ሳይሰፉለት መለሱት» ብሎ ይጮሃል፣ ኃላፊውም ይጠራችኋል። ይጩሁ! ቁጭ አድርጋችሁ አስረዱ፣ ጋሼ፣ ዛሬ ብሰፋው ውስጥ ይመግላል፣ በ4ኛው ቀን ተመለሱና እዘጋዋለሁ በሉ፣ ቀጠሮውን ወረቀት ላይ ጻፉላቸው። ሰው ሲነገረው ይገባዋል፣ የማይገባው ሳይነገረው ነው።

አሰራሩን ታውቁታላችሁ ግን ልድገመው። ማደንዘዣውን ሊዶካይን ውጉ፣ ያመመው ሰው አያሳጥብም። ከዛ በኖርማል ሳላይን፣ በንጹህ የጨው ውሃ ማለት ነው፣ እጠቡ፣ በአንድ ስሪንጅ ረጨት አድርጎ ታጠበ አይባልም፣ በሊትር ነው የምላችሁ፣ ሳላይን ከሌለ ለመጠጥ የሚሆን ንጹህ ውሃ ይሰራል። ፐርኦክሳይድ አረፋው ደስ ስለሚል አታፍሱበት፣ ሊድን የሚሞክረውንም ሴል ያቃጥለዋል። ጡንቻው ቀለሙ ከጠፋ፣ ሲቆነጠጥ ካልተኮማተረ፣ ሲቆረጥ ካልደማ ሞቷል፣ ይውጣ። ጎዙን ላላ አድርጋችሁ አስገቡ፣ እንደ ቡሽ አትወትፉት፣ ፈሳሹ መውጫ ይፈልጋል። ፊት ላይ ያለ ቁስል ሌላ ነው፣ ደም በደንብ ስለሚያገኝ ታጥቦ ሊሰፋ ይችላል። ቴታነስ ደሞ እንዳትረሱ፣ ክትባቱን ጠይቁ፣ ካልተከተበ TAT እያላችሁ የምትጠሩትን የቴታነስ መከላከያ መርፌ እዛው ስጡት።

ስለ ፈውስ አንድ ሁለት ነገር ልበልና ልውረድ። ቁስል በ3 ወሩም ቢሆን ጥንካሬው ከጤነኛ ቆዳ 80 በመቶ ገደማ ነው፣ ክሩ ወጣ ማለት ለሸክም ደረሰ ማለት አይደለም፣ ለገበሬው ንገሩት። ምግብ ላይ ፕሮቲን ያስፈልገዋል፣ ጿሚ ከሆነ ሽሮውን ምስሩን በርታ ብሎ ይብላ፣ ስኳር ያለበትን ስኳሩን ለኩ። እጅ መታጠብ ላይ ሲስተር ከኔ በኋላ ትናገራለች፣ አልሻማትም።

ከሻይ በኋላ እንለማመዳለን፣ የፍየል እግር ተገዝቷል፣ አፈር አስገብተንበታል። አጥቦ ሳያሳየኝ መርፌ የሚያነሳ ሰርተፊኬቱን ከኔ እጅ አይቀበልም። አመሰግናለሁ።