ዊሊ መቼ ነው የሚተኛው?

ሄለን፦ ሰላም ሰላም! እንኳን ደህና መጣችሁ። የዛሬው ርዕሳችን የድሮ ጌሞች ተከታይ ክፍል ነው። ኩባንያ ያወጣውን አይደለም፣ ተጫዋቾች ራሳቸው የሠሩትን። ብሩክ ሰሞኑን ሌላ ወሬ የለውም።

ብሩክ፦ ገና ምኑ ተነካ! ጄት ሴት ዊሊ ከሚባለው ጌም ልጀምር። ዊሊ ማዕድን ቆፋሪ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1983 በወጣው ማኒክ ማይነር ላይ 20 ዋሻ አልፎ ሀብታም ይሆናል። በ1984 በወጣው በሁለተኛው፣ በጄት ሴት ዊሊ ላይ ደግሞ ትልቅ ቤት ገዝቷል፣ ድል ያለ ፓርቲ ደግሷል። እንግዳው ሄዶ ሊተኛ ሲል የቤት ሠራተኛዋ ማሪያ አልጋው ጋ ቆማለች። ቤቱን ሳያጸዳ አታስተኛውም።

ሄለን፦ ቆይ ቆይ። ይህቺ አክስትህ አይደለችም እንዴ?

ብሩክ፦ ራሷ ናት! አክስቴ ማኅበር ሲደርሳት እኮ እንደዚሁ ነው። እንግዳው ሁሉ ወጥቶ፣ እኛ ልጆቹ እንቅልፍ ሲያዳፋን፣ እሷ በሩ ላይ ናት። ብርጭቆው ሳይታጠብ፣ ጠርሙሱ ሳይለቀም፣ የጎረቤት ወንበር ሳይመለስ ማንም ጎኑን አያሳርፍም። ጌሙ ላይ ዊሊ ወደ አልጋው ሲጠጋ ማሪያ እጇን ታነሳለች። መጀመሪያ ሳየው በሳቅ ፈረስኩ። የአክስቴ እጅ ነው!

ሄለን፦ አክስትህ ይህን ፕሮግራም ትሰማለች?

ብሩክ፦ ትስማ! እወዳታለሁ። እና ዊሊ 60 ክፍሎች እየዞረ 83 ዕቃ ይለቅማል። መታጠቢያ ቤት፣ ወጥ ቤት፣ መዋኛ፣ ጣሪያ። አንዱ ክፍል ውስጥ ስትገቢ ዊሊ ክንፍ ያለው አሳማ ይሆናል።

ሄለን፦ ለምን?

ብሩክ፦ የቅዠት ክፍል ነዋ! ስሙ ራሱ እንደዚያ ነው። ይህን ሁሉ የጻፈው ማቲው ስሚዝ የሚባል ከሊቨርፑል አካባቢ የመጣ ልጅ ነው። ማኒክ ማይነርን ሲሠራ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ነበር። ማሽኑ ደግሞ 48 ኪሎባይት ሚሞሪ ብቻ ያለው ስፔክትረም የሚባል የድሮ የቤት ኮምፒውተር ነው። የጎማ ቁልፎች፣ ጌሙ ከካሴት የሚጫን። አሁን ስልክሽ ላይ ያለች አንዲት ፎቶ ከዚያ ትበልጣለች።

ሄለን፦ እሺ፣ ተከታዮቹስ?

ብሩክ፦ እየመጣሁ ነው። መጀመሪያ የቆጡን ጉድ ልንገርሽ፣ አለዚያ አይገባሽም። ጣሪያው ሥር ያለው ክፍል፣ ቆጡ፣ ችግር ነበረበት። እዚያ አንዴ ከገባሽ ጌሙ ይበላሻል። ከዚያ አንዳንድ ክፍሎች ስትገቢ ወዲያው ትሞቻለሽ። የጸሎት ቤቱ ውስጥ ደግሞ ጭራቆቹ ጭራሽ ይጠፋሉ። ምክንያቱ አንዲት ቀስት ናት። መንገዷ በስህተት ተጽፎ ከስክሪኑ ሚሞሪ አልፋ ትሄድና የጌሙን ዳታ ትደመስሳለች።

ሄለን፦ አንዲት ቀስት?

ብሩክ፦ አንዲት ቀስት! አሳታሚው መጀመሪያ ምን ቢል ጥሩ ነው? ክፍሎቹ መርዛማ ጋዝ የሞላባቸው ናቸው፣ ሆን ተብሎ ነው አለ።

ሄለን፦ ኧረ ባክህ! ይህ እኮ ዓይን ያወጣ ነው።

ብሩክ፦ በኋላ ቃሉን አጠፈና ማስተካከያ አወጣ። ፖክ ይሉታል፤ ሚሞሪው ውስጥ ያለችውን ቁጥር በሌላ ትተኪያለሽ። እኔ ትልቁ ነገር የምለው ይህንን ነው። ልጆቹ ጌሙን ለመጠገን ሆዱን ከፈቱት። ሲከፍቱት ምን አገኙ? እያንዳንዱ ክፍል 256 ባይት ብቻ!

ሄለን፦ ይሄ ለእኔ ቁጥር ብቻ ነው።

ብሩክ፦ በደንብ ላስረዳሽ። ባይት ሚሞሪ የሚለካበት ትንሽ መጠን ነው። የክፍሉ ሥዕል በአግድም 32፣ ወደ ታች 16 ካሬ ነው። አንዱ ካሬ ባዶ ነው፣ ወይ ወለል ነው፣ ወይ ግድግዳ ነው፣ ወይ የሚገድል ነገር ነው። አራት ምርጫ ብቻ። ስለዚህ አራት ካሬ በአንድ ባይት ይገባል። ሥዕሉ በሙሉ በ128 ባይት አለቀ። በቀሪው 128 የክፍሉ ስም፣ ቀለሙ፣ ጭራቆቹ፣ መውጫዎቹ ይገባሉ። ለስሙ ብቻ 32 ቦታ ተይዞለታል። አንድ ልጅ ከሰዓቱን ተቀምጦ በእጁ ሊጽፈው ይችላል! እዚያው 1984 ላይ አንድ የእንግሊዝ መጽሔት ተጨማሪ ክፍል በኮድ አትሞ፣ አንባቢው ቤቱ ቁጭ ብሎ ቁጥሮቹን እየመታ አስገባው።

ሄለን፦ እ... ካሬ ስትል የሒሳብ ደብተርህ ትዝ አለኝ። ያንን ንገራቸው።

ብሩክ፦ አይ፣ ከርዕሱ እንወጣለን።

ሄለን፦ ወጥተናል እኮ። ንገራቸው!

ብሩክ፦ እሺ። አባቴ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ዴንጀረስ ዴቭ የሚባል ጌም ነበር። ዋንጫውን አንስተሽ በበሩ የምትወጪበት። ቅዳሜ ሲወስደኝ እጫወታለሁ። ቤት ግን ኮምፒውተር የለም። ስለዚህ ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር ላይ የአክስቴን ቤት ሣልኩ። በቃ፣ እያንዳንዱ ገጽ አንድ ክፍል። ማጀቱ አለ፣ ምድጃው የሚገድል ነው፣ በቀይ እስክሪብቶ። ጓሮው አለ፣ ዶሮዋ ወዲያ ወዲህ ትመላለሳለች። ሳሎኑ ውስጥ ብፌው አናት ላይ ቁልፍ አለ። እዚያ ለመድረስ ከሶፋው ወደ ቴሌቪዥኑ መዝለል አለብሽ። የጎረቤት ልጅ ጣቱን ወረቀቱ ላይ እያስኬደ ይጫወታል፣ እኔ ዳኛ ነኝ። አራት ካሬ ከዘለለ ሞቷል!

ሄለን፦ ይከራከርሃል?

ብሩክ፦ እስከ ድብድብ! "ሦስት ነው የዘለልኩት" ይላል። ዶሮዋ የት እንደደረሰች እኔ ነኝ የምቆጥረው።

ሄለን፦ የመጨረሻው ገጽ ላይ አክስትህ ናት፣ አይደል?

ብሩክ፦ በሩ ላይ! ያለፋት የለም።

ሄለን፦ (ሳቅ) ምስኪን ልጅ።

ብሩክ፦ እና ከዓመታት በኋላ ኤሙሌተር፣ ማለትም የድሮውን ኮምፒውተር በአዲሱ ላይ የሚያስመስል ፕሮግራም ላይ ጄት ሴት ዊሊን ሳገኝ፣ ከዚያ ሰዎች የሠሯቸውን ተከታዮች ሳገኝ፣ ያንን ደብተር ያየሁ መሰለኝ። ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ደብተር! ጄት ሴት ዊሊን ብቻ እየወሰዱ ጌም ላይ ጌም ሠርተዋል። ጄ ኤስ ደብሊው ኢዲ የሚባል ኤዲተር አለ። ክፍሉን በማውስ ትስያለሽ፣ ጭራቁን ታስቀምጫለሽ፣ ስም ትሰጫለሽ። እስከ ዛሬ የሚሠራ ሰው አለ።

ሄለን፦ አሁን ግን እኔ ጥያቄ አለኝ። ይህ ተከታይ ነው ወይስ ተጨማሪ ክፍል? ተከታይ ካልክ አዲስ ነገር ሊኖረው ይገባል። ዝላዩ ያው፣ ዊሊ ያው።

ብሩክ፦ ኦፊሴላዊውን ተመልከቺ! በ1985 ጄት ሴት ዊሊ 2 ወጣ። ከ130 በላይ ክፍሎች አሉት። ግን ማቲው ስሚዝ አልሠራውም። የአምስትራድ ኮምፒውተር ቅጂውን የሠሩት ሰዎች ክፍል ጨምረውበት፣ እሱ ነው ወደ ስፔክትረም ተመልሶ ጄት ሴት ዊሊ 2 የተባለው። አሮጌው ቤት እዚያው አለ። ታዲያ ያ ተከታይ ከተባለ የእነዚህ ለምን አይባልም?

ሄለን፦ እነሱ ፈቃድ አላቸው።

ብሩክ፦ ፈቃድ ሌላ፣ ጌም ሌላ! ስሚዝ ራሱ ዊሊ ከግብር ሰብሳቢው ጋር የሚፋጠጥበት ሦስተኛ ጌም ሊሠራ አቅዶ ነበር፣ ግን አልወጣም። እሱም ከጌሙ ዓለም ጠፋ። ሰው እየጠበቀ ነው። ምን ያድርግ? ራሱ ሠራ። ኮማንደር ኪን የሚባለው ጌምም እንደዚሁ ነው። ለ1992 የገና በዓል አዲስ ተከታታይ ይመጣል ተብሎ ጌሙ መጨረሻ ላይ ተነግሮ ነበር። ሠሪው ኢድ ሶፍትዌር ወደ ሌሎች ጌሞቹ፣ ወደ ዎልፈንስታይን እና ወደ ዱም ሄደ፣ ኪን ቀረ። ያንንም የሠሩት ወዳጆቹ ናቸው።

ሄለን፦ ኪን ራሱን የቻለ ፕሮግራም ይፈልጋል። ስለ ፈቃዱ ግን አሁንም አልተስማማሁም። ሰው የፈጠረውን ገጸ ባሕርይ ሌላው ሲወስደው ደስ አይለኝም።

ብሩክ፦ ከወሰደ በኋላ ቢሸጠው እኔም ደስ አይለኝም። በነፃ ነው የሚሰጡት።

ሄለን፦ በነፃ መሆኑ አንድ ነገር ነው፣ እሺ። ሌላው ግን፣ ተጫዋቾች ከሠሯቸው የላክልኝን ሞከርኩ። አንዱን ክፍል እንኳ ማለፍ አልቻልኩም። ገና ስገባ እወድቃለሁ፣ እሞታለሁ፣ የሞትኩበት ቦታ ላይ እንደገና እነሳለሁ፣ እንደገና እሞታለሁ። ነፍሴ በሙሉ አለቀች።

ብሩክ፦ ያ ከመጀመሪያው ጌም የመጣ ነው። ወደ ክፍሉ በገባሽበት ቦታ ይመልስሻል፣ እየወደቅሽ ከገባሽ እየወደቅሽ ትነሻለሽ።

ሄለን፦ ታዲያ ሲያሻሽሉት ለምን አላስተካከሉትም?

ብሩክ፦ ያስተካከሉት አሉ። ብዙዎቹ ግን ይወዱታል። ችግሩ የት እንዳለ አውቃለሁ፤ ሠሪዎቹ ይህን ጌም ዕድሜያቸውን ሙሉ ተጫውተውታል። ለእነሱ በፒክስል የተለካ ዝላይ ቀላል ነው። ለአዲስ ሰው ግን ግድግዳ ነው። እዚህ ላይ እውነት አለሽ።

ሄለን፦ በከፊል?

ብሩክ፦ በከፊል። ጥሩ ክፍል ከባድ ሊሆን ይችላል፣ ግን ገብተሽ ቆመሽ ልታዪው ይገባል። ጭራቁ ከየት ተነስቶ የት እንደሚመለስ ታያለሽ፣ ታስቢያለሽ፣ ትዘልያለሽ። ሳታዪ የሚገድልሽን እኔም አልወደውም።

ሄለን፦ እንግዲያው ለአድማጮቻችን ከየት ይጀምሩ?

ብሩክ፦ ከማኒክ ማይነር፣ የመጀመሪያዎቹን ዋሻዎች። ከዚያ ጄት ሴት ዊሊ፣ የተስተካከለውን ቅጂ። ከዚያ ወዲያው ኤዲተሩን ከፍተው አንድ ክፍል ይሥሩ። ሌላ ሰው የሠራውን ሃምሳ ክፍል ከመጫወት አንድ መሥራት ይበልጣል። የራስን ቤት!

ሄለን፦ አንተም ሳሎኑን ሥራና ላክልኝ። ብፌው፣ ቁልፉ፣ ሁሉም ይኑር። ግን እኔ ማለፍ አለብኝ።

ብሩክ፦ ከሶፋው ወደ ቴሌቪዥኑ ያለው ዝላይ ግን ከባድ ይሆናል።

ሄለን፦ አይሆንም።

ብሩክ፦ እሷ ብቻ።

ሄለን፦ ሦስት ካሬ፣ ከዚያ በላይ አልዘልም።

ብሩክ፦ ሦስት ተኩል።

ሄለን፦ ግማሽ ካሬ ደግሞ አለ እንዴ? ሳምንት እንገናኝ፣ ቻው!