ውሃ ከታችም ይገፋል፦ በጣና ዳር የመዋኛ ገንዳ ልስን ማደስና መጠበቅ

[ምስል፦ ከሐይቁ ዳር ያለ ግቢ። የተበላ ነጭ ልስን፣ ከውሃው መስመር በታች ቡናማ እድፍ።]

ተራኪ፦

ባሕር ዳር ውስጥ ገንዳ ያለው ሆቴል ወይም ግቢ ሁሉ አንድ ቀን ይህ ትእዛዝ መሰጠቱ አይቀርም፦ «ውሃውን አፍስሱትና ልስኑ ይታደስ።» ፓምፕ ይመጣል፣ ገንዳው ይደርቃል፣ ለሳኝ ይጠራል። ችግሩ ያለው መካከል ላይ ነው። በሐይቅ ዳር በሚገኝ ገንዳ ላይ ሊደርስ ከሚችለው ጉዳት ሁሉ የከፋው ከልስን እርጅና አይመጣም። የሚመጣው ገንዳውን ያለ ወቅቱ ባዶ ከማድረግ ነው።

ምክንያቱን በቁጥር እንየው። 10 ሜትር በ5 ሜትር የሆነ ገንዳ እንውሰድ፤ አማካይ ጥልቀቱ አንድ ሜትር ተኩል ቢሆን 75 ሺህ ሊትር ይይዛል። 75 ቶን ማለት ነው። ይህ ክብደት ወለሉን ተጭኖ ይይዘዋል። ስናፈስሰው ጭነቱ ይነሣል፣ ከሥር ያለው የከርሰ ምድር ውሃ ግን ባለበት ይቆያል። ከወለሉ በላይ አንድ ሜትር ከፍ ብሎ የቆመ የከርሰ ምድር ውሃ እያንዳንዱን ካሬ ሜትር በአንድ ቶን ኃይል ወደ ላይ ይገፋል። 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የኮንክሪት ወለል በካሬ ሜትር የሚመዝነው ደግሞ ግማሽ ቶን እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ባዶ ገንዳ በረጠበ መሬት ውስጥ የተቀመጠ ታንኳ ነው፤ ውሃው ከበቃው ይነሣል። ሲነሣም ወለሉ ይሰነጠቃል፣ ቧንቧዎቹም ይቆረጣሉ። እዚያ ላይ የልስን ወሬ ያበቃል፤ ገንዳው እንደ አዲስ ይገነባል።

[ምስል፦ የመሬት ቁራጭ ሥዕል፦ ሐይቁ፣ ገንዳው፣ መካከላቸው የከርሰ ምድር ውሃ መስመር። መስመሩ በክረምት ከፍ፣ በበጋ ዝቅ ይላል።]

የጣና ውሃ ከፍታ እንደ ወቅቱ ይለዋወጣል። ክረምቱ ሲያልፍ በመስከረምና በጥቅምት ከፍ ይላል፣ በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ ዝቅ ይላል። በዳርቻው ያለው የከርሰ ምድር ውሃም ይከተለዋል። ስለዚህ የማፍሰሻው ወቅት ከመጋቢት እስከ ግንቦት አጋማሽ ነው። ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ላለ ገንዳ ይህ ሥጋት እጅግ ያንሳል። ሐይቁን በመስኮት ለሚያይ ግቢ ግን ለአዲስ ዓመት እንዲደርስ ተብሎ በነሐሴ ማፍሰስ ቁማር ነው።

በበጋም ቢሆን በግምት አትሥሩ። ከገንዳው አጠገብ ከወለሉ ጥልቀት ዝቅ ያለ ጉድጓድ አስቆፍሩ፤ አንድ ሌሊት ካደረ በኋላ ውሃው የት ላይ እንደ ቆመ ተመልከቱ። ከወለሉ በላይ ከቆመ ያንን ጉድጓድ በፓምፕ እያስቀዳችሁ ካልሆነ በስተቀር ገንዳውን አትንኩ። መብራት ሲጠፋም ፓምፑ መቆም ስለሌለበት ጄኔሬተር በአጠገቡ ይኑር። በወለሉ ማፍሰሻ ውስጥ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ (የከርሰ ምድር ውሃ ሲገፋ ተከፍቶ ወደ ገንዳው የሚያስገባው) ካለ ይሠራ እንደሆነ አረጋግጡ፤ ብዙ ጊዜ በቀድሞው ለሳኝ ሲሚንቶ ተደፍኖ ይገኛል።

የሚፈሰውን ውሃ በተመለከተ፦ ክሎሪን ያለበትን ውሃ ወደ ሐይቁ መልቀቅ ነውር ነው። ጣና ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ነው፤ ባይሆንም ዓሣው ክሎሪንን አይችልም። ክሎሪን መጨመር አቁማችሁ ውሃውን ለጥቂት ቀናት ፀሐይ ይምታው፤ መለኪያው ዜሮ ሲያሳይ ለሣር ይሆናል።

[ምስል፦ እጅ፣ ትንሽ መዶሻ፣ ባዶ ወለል። ድምፁ ይሰማ።]

አሁን ወለሉ ደርቋል። በመዶሻው እጀታ ቀስ እያላችሁ እየመታችሁ ሂዱ። ልስኑ ከኮንክሪቱ ጋር የተያያዘበት ቦታ ድፍን፣ ደረቅ ድምፅ ይሰጣል። የተላቀቀበት ቦታ ግን ከበሮ ይሆናል። ያንን ቦታ በከሰል ክበቡት። ክበቦቹ ጥቂት ከሆኑ እነሱን ብቻ በመሮ አንሥቶ መጠገን ይበቃል፤ ወለሉ በክበብ ከተሞላ ግን ሙሉ ልስኑ መውረድ አለበት። በተላቀቀ ልስን ላይ አዲስ መደረብ ገንዘብን ውሃ ውስጥ መጣል ነው፤ አሮጌው ሲወርድ አዲሱን ይዞት ይወርዳል።

ስንጥቅም ዓይነት አለው። እንደ ፀጉር የቀጠነና የትም የማይደርስ ከሆነ የልስኑ ብቻ ነው። ወደ ኮንክሪቱ ከገባ ግን ጫፎቹ ላይ ቀን ጻፉና ተከታተሉት። ግቢው ዋልካ አፈር ከሆነ መሬቱ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ የሚንቀሳቀስን ስንጥቅ ደግሞ ልስን አይዘጋውም። መሐንዲስ ጥሩ።

[ምስል፦ ነጭ ሲሚንቶና የእምነ በረድ ዱቄት ሲደባለቅ።]

የገንዳ ልስን ነጭ ሲሚንቶና የተፈጨ እምነ በረድ ነው፤ በተለመደው አሠራር ለአንድ እጅ ሲሚንቶ አንድ ተኩል እጅ እምነ በረድ። ውፍረቱ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ጄሶ በጭራሽ አይገባበትም። ለሳኙ በቤት ግድግዳ ላይ የቱንም ያህል የተመሰገነ ይሁን፣ ጄሶ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ነገር ነው። ከመጀመሩ በፊት «በምን ትለስነዋለህ?» ብላችሁ ጠይቁት።

የባሕር ዳር ችግር እዚህ ላይ ይመጣል። ለማፍሰስ የሚመቹት ወራት ለልስን የማይመቹት ናቸው፤ መጋቢትና ሚያዝያ በዓመቱ እጅግ ሞቃቶቹ ናቸው። ፀሐይ ያገኘው ልስን ሳይጠነክር ይደርቅና ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ ከገንዳው በላይ ሸራ ይወጠር፣ ኮንክሪቱ ቀድሞ ይርጠብ፣ ሥራው ጎህ ሲቀድ ይጀመር። በቂ ሰው አሰልፉ፤ ገንዳ በአንድ ቀን፣ ሳይቋረጥ ይለሰናል። ዛሬ ግማሹን ነገ ግማሹን የሚል ለሳኝ መጋጠሚያውን ለዘላለም ያሳያችኋል።

ውሃውም እንዲሁ ሳይቋረጥ ይሞላ። መካከል ላይ ከቆመ የቆመበት መስመር ግድግዳው ላይ ይቀራል። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቦቴ ቀድማችሁ ተከራዩ፤ ለምሳሌያችን ገንዳ 10 ሺህ ሊትር የሚይዝ ቦቴ ስምንት ጊዜ ይመላለሳል። የጎማ ቱቦውን ጫፍ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥልቁ ወለል ላይ አስቀምጡት፤ የቦቴው ውሃ በቀጥታ በአዲስ ልስን ላይ አይውረድ።

ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ወር ሥራ ይጠይቃል። ከአዲሱ ልስን ነጭ ዱቄት ይወጣል፤ ለሁለት ሳምንት ያህል ጠዋትና ማታ ግድግዳውንና ወለሉን በብሩሽ ማሸት ያስፈልጋል። ፒኤች (የውሃው አሲዳማነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲጨምር አሲዳማነቱ ይቀንሳል) በየቀኑ ይወጣል፤ በጥቂት አሲድ ዝቅ ይደረጋል። አሲዱን ወደ ውሃ ጨምሩ፣ ውሃን ወደ አሲድ በፍጹም። ከክሎሪን ጋር አንድ መጋዘን ውስጥ አታስቀምጡት፤ ሲገናኙ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ክሎሪን በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት አይጨመር።

[ምስል፦ የውሃ መለኪያ፣ ቀለሙ ሲለወጥ።]

ከወሩ በኋላ ልስኑን የሚበላው ምንድን ነው? ካልሲየም የራበው ውሃ። ውሃው ካልሲየም ካነሰው ከልስኑ ይወስዳል፤ ልስኑ ይሻክራል፣ የልጆች የእግር ጣት ይላጣል። የዝናብ ውሃ ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ የባሕር ዳር ክረምት ገንዳውን እየሞላ ልስኑን ያስርባል። የካልሲየም ጥንካሬ (በውሃው ውስጥ የሟሟው ካልሲየም መጠን) ከ200 እስከ 400 ሚሊ ግራም በሊትር፣ አልካላይኒቲ (ፒኤቹ በድንገት እንዳይለዋወጥ የሚይዘው የውሃው አቅም) ከ80 እስከ 120፣ ፒኤች ከ7.2 እስከ 7.6 ይሁን። አልካላይኒቲው ቢወርድ፣ ለ75 ሺህ ሊትር 1.3 ኪሎ ግራም ገደማ ቤኪንግ ሶዳ በ10 ያህል ከፍ ያደርገዋል። ክሎሪን ማታ ጨምሩ፤ በ1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው የቀን ፀሐይ በሰዓታት ውስጥ አብዛኛውን ያጠፋዋል።

ውሃው ያለ ልክ ቢቀንስ፣ መፍረድ ያለበት ባልዲ ነው። ባልዲ ሞልታችሁ የገንዳው ደረጃ ላይ አስቀምጡ፣ የባልዲውን ውሃ ከፍታ በውስጥ፣ የገንዳውን በውጭ ምልክት አድርጉ፣ ከ24 ሰዓት በኋላ አወዳድሩ። ሁለቱ እኩል ከወረዱ ትነት ነው። የምሳሌያችን ገንዳ ከባልዲው በአንድ ሴንቲ ሜትር በልጦ ከወረደ በቀን 500 ሊትር እያፈሰሰ ነው፤ ያም ውሃ ከወለሉ ሥር እየተጠራቀመ ነውና ልስኑን ከመንካታችሁ በፊት ቧንቧውን ፈትሹ።