ሕፃናት በራሳቸው እጅ መብላት ሲጀምሩ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት ወደ ስቱዲዮ የደወሉ እናቶችና አባቶች፣ አንዲት አያትም ጭምር፣ የጠየቁት ከሞላ ጎደል ስለ አንድ ጉዳይ ነው፦ ሕፃን ከአጥሚትና ከገንፎ አልፎ በራሱ እጅ አንስቶ የሚበላው ምግብ መቼ ይሰጠው፣ ምን ይሰጠው፣ ቢያንቀውስ ምን ይደረግ? የሕፃናት ሥነ ምግብ ባለሙያችን መልሶች ከዚህ በታች ቀርበዋል።

ጥያቄ፦ (እናት፣ ከደብረ ብርሃን) ልጄ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ከጡት ሌላ የምሰጣት አጥሚትና የተፈጨ ድንች ብቻ ነው። እኛ ስንበላ እጇን ወደ ትሪው ትዘረጋለች፤ ጥርስ ግን ገና አላወጣችም። ጥርስ እስክታወጣ ልጠብቅ?

አይጠብቁ። የሕፃን ድድ ጠንካራ ነው፤ እርስዎ በአውራ ጣትና በሌባ ጣትዎ መካከል አድርገው ሲጫኑት በቀላሉ የሚፈርስ ምግብ ሁሉ በድድ ይደቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እስከ 6 ወር ጡት ብቻ፣ ከ6 ወር ጀምሮ ደግሞ ከጡት ጋር ተጨማሪ ምግብ እንዲሰጥና ጡት ማጥባቱ እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲቀጥል ይመክራል። አብዛኞቹ ሕፃናት 8 ወር ሲሞላቸው በእጃቸው አንስተው መብላት ይችላሉ፤ ዓመት ሲሞላቸውም ቤተሰቡ ከሚበላው ምግብ ይካፈላሉ። ስለዚህ ሊያዩት የሚገባው ጥርሷን ሳይሆን አንገቷን ቀጥ አድርጋ መያዟን፣ በትንሽ ድጋፍ መቀመጧንና የያዘችውን ነገር ወደ አፏ መውሰዷን ነው። እጇን ወደ ትሪው መዘርጋቷም ጥሩ ምልክት ነው።

በዚህ ዕድሜ ሕፃን ነገር የሚይዘው በሙሉ መዳፉ ስለሆነ፣ የሚሰጣት ምግብ ከመዳፏ አልፎ የሚታይ፣ የአዋቂ ጣት ያህል ርዝመትና ውፍረት ያለው ቢሆን ይመረጣል፤ በደንብ የተቀቀለ ካሮት፣ ስኳር ድንች፣ ዱባ ወይም ድንች ለዚህ ይስማማል። ሙዝን ልጣጩን እስከ ግማሽ ብቻ ልጠው ቢሰጧት የቀረው ልጣጭ መያዣ ይሆናታል። የበሰለ አቮካዶ ደግሞ ከእጇ እያዳለጠ ስለሚያስቸግራት ቁራጩን በጥቂት በሶ ዱቄት ለወስ ያድርጉላት፤ ያን ጊዜ አጥብቃ ትይዘዋለች። ወደ 9 እና 10 ወር ገደማ በሁለት ጣቷ መልቀም ስትጀምር የሽንብራ ፍሬ የሚያህል ለስላሳ ቁራጭ መስጠት ይቻላል። ሁሉን ነገር እየፈጩ ከ10 ወር በላይ ማቆየት ግን አልመክርም፤ ጎርበጥ ያለ ምግብ ዘግይተው የሚጀምሩ ልጆች ኋላ በአመጋገባቸው ይበልጥ ያስቸግራሉ።

ጥርስ ካነሣን አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ልጅ ምግብ እምቢ ባለ ወይም ተቅማጥ በያዘው ቁጥር «ግግ ነው» እየተባለ ድዱን በስለት ከፍቶ ያልወጣ ጥርስን ማስወጣት ሕፃኑን ለደም መፍሰስና ለከባድ ኢንፌክሽን የሚዳርግ ድርጊት ነው። እባካችሁ አታድርጉት፤ ሌላውም ሲያደርግ ዝም ብላችሁ አትዩ።

ጥያቄ፦ (አባት፣ ከአዲስ አበባ) የ8 ወር ልጃችን ዳቦ በአፉ ሲገባ አንድ ጊዜ አቅለሸለሸውና ፊቱ ቀላ። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ ከአጥሚት ሌላ ማንኛውንም ነገር ለመስጠት ፈርታለች። ፍርሃቷ ልክ አይደለም?

ፍርሃታቸው ከፍቅር የመጣ ነው፤ የሚያስፈራው አደጋም እውነተኛ ነው። ይሁን እንጂ ያዩት ነገር ማቅለሽለሽ እንጂ መታነቅ አይመስልም፤ ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ደግሞ የወላጅን ፍርሃት በግማሽ ይቀንሳል። ሲያቅለሸልሸው ሕፃኑ ምላሱን ወደ ውጭ ይገፋል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ድምፅ ያሰማል፣ ያስላል፣ ምግቡንም ራሱ ወደ ፊት ያመጣዋል፤ ይህ ጉሮሮን የሚጠብቅ የተፈጥሮ መከላከያ ነውና በእርጋታ አብረውት ይቆዩ። ሲታነቅ ግን ድምፁ ይጠፋል፣ ማልቀስም ሆነ ማሳል ያቅተዋል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል።

በዚያን ጊዜ፣ ልጁ ዓመት ያልሞላው ከሆነ፣ በክንድዎ ላይ በደረቱ አስተኝተው ጭንቅላቱ ከደረቱ ዝቅ እንዲል ያድርጉ፤ አገጩን ደግፈው በመዳፍዎ ተረከዝ በሁለቱ ትከሻዎቹ መካከል 5 ጊዜ ጠንከር አድርገው ይምቱት። ካልወጣ በጀርባው ገልብጠው የደረት አጥንቱን መሐል፣ ከጡቶቹ ጫፍ መስመር ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ 5 ጊዜ ይጫኑ፤ እስኪወጣ ድረስ ሁለቱን ያፈራርቁ፤ ሌላ ሰው እርዳታ ይጥራ። ዓመት ያልሞላውን ሕፃን ሆዱን አይጫኑ። የማያዩትን ነገር ለማውጣትም ጣትዎን ወደ ጉሮሮው አይስደዱ፤ ይበልጥ ወደ ውስጥ ይገፋዋልና። ይህን ሁለታችሁም ሆናችሁ ሞግዚቷ በጤና ተቋም ባለሙያ አሳይቷችሁ ብትለማመዱት እጅግ ደስ ይለኛል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን አስቀድሞ መጠንቀቅ ነው። ቆሎ፣ ለውዝ፣ የተቆላ ሽንብራ፣ ፈንዲሻ፣ ከረሜላ፣ ጥሬ ካሮትና ጥሬ ፖም ለሕፃን አይሰጡም፤ ሙሉ የለውዝ ፍሬ እንዲያውም 5 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ቢቀር ይሻላል። በአገራችን ቡና ሲፈላ ቆሎና ፈንዲሻ ወለል ላይ መፍሰሱ አይቀርም፤ የሚድኽ ልጅ ደግሞ የመጀመሪያው ለቃሚ እሱ ነው፤ ስለዚህ ልጁን ከማውረዳችሁ በፊት ወለሉ ይጠረግ። ወይንና ትንንሽ ቲማቲም በቁመታቸው አራት ቦታ ይቆረጡ። ዳቦው ትኩስና የሚጣበቅ ሲሆን በአፍ ውስጥ ይድቦለቦላል፤ በቀጭኑ ቆርጠው ጠበስ ቢያደርጉት ይሻላል። እንጀራም እንዲሁ፣ የጣት ስፋት ባለው ቁራጭ፣ በርበሬ በሌለው ሽሮ ረጠብ አድርገው ይስጡት። ልጁ ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ይብላ፤ እየዳኸም፣ በሰው ጀርባ ላይ ታዝሎም፣ በመኪና ውስጥም አይብላ፤ አንድ ሰውም ዓይኑን ሳይነቅል ከፊቱ ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ (እናት፣ ከጎንደር) በሁዳዴ ቤታችን ውስጥ እንቁላልም ሥጋም አይሠራም። የ9 ወር ልጄ ምስርና ድንች እየበላ ቢቆይ ይጎዳ ይሆን?

ከ6 ወር በኋላ ሕፃኑ ከማሕፀን ይዞት የመጣው የብረት ክምችት እየተሟጠጠ ይሄዳል፤ ከጡት የሚያገኘው ብረትም ብቻውን አይበቃውም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ለእናንተ አጭር ቢመስልም ዘጠኝ ወር ለኖረ ልጅ ረጅም ጊዜ ነው። ከ7 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት የመጾም ግዴታ እንደሌለባቸው የቤተ ክርስቲያን አባቶች ራሳቸው የሚያስተምሩት ነው፤ ብዙ እናቶችን የሚያስጨንቃቸው የቤቱ ዕቃ በፍስክ ምግብ መነካቱ ነው። ለልጅዎ የራሱ ትንሽ ድስት፣ ቢላና ሳህን ይለዩለት። እንቁላሉን ጠንክሮ እስኪበስል ጠብሰው በቁመቱ ይቆራርጡት፤ ሥጋው ለረጅም ሰዓት ተቀቅሎ በጣት የሚበታተን ይሁን፤ ጉበትም በሳምንት አንድ ጊዜ በጥቂቱ ይጨመር። ምስሩንም አይተዉት፤ ከፓፓያ ወይም ከብርቱካን ጋር ሲበላው ብረቱ ይበልጥ ይዋሐደዋል። ሻይ ግን ብረቱን ስለሚያስቀረው ለሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም።

ጥያቄ፦ (አያት፣ ከደሴ) እኛ ልጆቻችንን ማር እያላስን አሳድገናል፤ ዛሬ ምን ተገኘበት?

እማማ፣ ማር ውስጥ የሚገኝ የአንድ ባክቴሪያ ዘር ዓመት ባልሞላው ሕፃን አንጀት ውስጥ ተራብቶ ጡንቻን የሚያሽመደምድ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። በሽታው ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ባይሆንም ከባድ ስለሆነ ከዓመት በፊት ማር፣ ማር የገባበት ዳቦም ቢሆን፣ አይሰጠው። ጨውና ስኳርም አይጨመርለት።

ጥያቄ፦ (እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ) የልጄ ሐኪም ለውዝና እንቁላል አሁኑኑ፣ በ7 ወሩ እንድጀምርለት ነገሩኝ። እናቴ ግን «ዓመት ሳይሞላው አይሆንም» ትላለች።

የእናትዎ ምክር ቀድሞ ሐኪሞችም ይሰጡት የነበረ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ይፋ የሆነና ለንደን ውስጥ የተካሄደ ጥናት፣ ለአለርጂ የተጋለጡ ሕፃናት ከ4 እስከ 11 ወር ባለው ዕድሜ ለውዝ ሲጀምሩ ኋላ በለውዝ አለርጂ የሚያዙት በእጅጉ ያነሱ መሆናቸውን ካሳየ ወዲህ ምክሩ ተለውጧል። የሚሰጠው ግን በፍሬው ሳይሆን ጨውና ስኳር የሌለበት የለውዝ ቅቤ በውኃ ወይም በጡት ወተት ቀጥኖ፣ ወይም በዳቦ ቁራጭ ላይ በስሱ ተቀብቶ ነው። አዲሱን ምግብ በጠዋት፣ በትንሹ ይጀምሩ፤ ሽፍታ፣ የከንፈር እብጠት ወይም የትንፋሽ መቆራረጥ ካዩ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ይውሰዱት። ከባድ የቆዳ ችፌ ያለበት ልጅ ከሆነ ከመጀመርዎ በፊት ሐኪሙን ያማክሩ።

ጥያቄ፦ (እናት፣ ከሐዋሳ) የ8 ወር ልጄ የሰጠኋትን ሁሉ ታፈርጠዋለች፣ ግማሹን ትጥለዋለች። ሠራተኛዋ «እጇን ይዘን በግድ ብናጎርሳት ይሻላል» ትለኛለች።

በግድ አታጉርሷት፤ እጇ ተይዞ በግድ የምትጎርስ ልጅ ምግብን መጥላት ትማራለች፤ እያለቀሰች ስትውጥ ደግሞ የመታነቅ ዕድሏ ይጨምራል። ማፍረጧና መጣሏ ምግቡን የምታውቅበት መንገድ ነው። ምግብ ከመስጠትዎ በፊት የእርስዎንም የእሷንም እጅ በሳሙና ይታጠቡ፣ ንጹሕ ጨርቅ ያንጥፉ፣ ሁለት ሦስት ቁራጭ ብቻ ያቅርቡላት፤ ጎን ለጎንም ወፈር ያለ ገንፎዋን በማንኪያ ይስጧት፤ በእጇ የምትበላው ገና ጥቂት ስለሆነ ሆዷን የሚሞላው እሱና ጡት ነው። በዚህ ዕድሜ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ፣ ከ9 ወር በኋላ ደግሞ 3 ወይም 4 ጊዜ ምግብ ይበቃታል። ፊቷን ስታዞር ያንሱላት፤ ያልወደደችውን ምግብም ከቀናት በኋላ ደግመው ያቅርቡላት። በ9ኛው ወር ለኩፍኝ ክትባት ጤና ጣቢያ ስትወስዷት ክብደቷን ያስመዝኑ፤ በካርዷ ላይ መስመሩ ወደ ላይ መውጣቱን ከቀጠለ በወለሉ ላይ የሚቀረው ምግብ አያሳስባችሁ።