የልጄ የጽሑፍ መንገድ፦ ከሁለት ዐረፍተ ነገር እስከ ድርሰት

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነው የማወራው። ጎንደርን ዝናብ ይዟታል፣ የቆርቆሮው ድምፅ ከገባባችሁ ታገሡኝ።

የዛሬው ርዕሴ የልጄ የጽሑፍ ትምህርት ነው። ልጄ 8 ዓመቷ ነው። እስከ 18 ዓመቷ ድረስ ምን እንደምትጽፍ፣ በምን ቅደም ተከተል እንደምትጽፍ እያቀድኩ ነው። ለአስር ዓመት ማቀድ የበዛ ሊመስላችሁ ይችላል። ጽሑፍ ግን በአንድ ክረምት ማጠናከሪያ የሚመጣ ነገር አይደለም። ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ቀደም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል።

ለምን ቤት ውስጥ? መጋቢት 2012 ላይ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ስንቱ ወላጅ ሳያስበው አስተማሪ እንደሆነ ታስታውሳላችሁ። ያ አልፎ ሳያበቃ በክልላችን ግጭቱ መጣ። ብዙ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ብዙ ልጅ ቤቱ ቀረ። እኔም ልጄን ቤት ማስተማር የጀመርኩት በዚህ ሁሉ መሃል ነው። ሂሳቡንና ሳይንሱን መማሪያ መጽሐፉን ይዘን እየሄድን ነው፣ ብዙም አላስቸገረንም። ጽሑፍ ላይ ግን መጽሐፉ ብቻውን አይበቃም ብዬ አምናለሁ።

ምክንያቴን ልንገራችሁ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን አስቡት። ምርጫ ነው። ልጁ ፊደል ይመርጣል። አስራ ሁለት ዓመት ተምሮ፣ መጨረሻ ላይ አንዲት ዐረፍተ ነገር ጻፍ የሚለው የለም። ፈተናው ካልጠየቀ ደግሞ መምህሩ ለምን ብሎ ይደክማል? ስልሳ ሰባ ልጅ ባለበት ክፍል ድርሰት አስጽፎ ሁሉንም አንብቦ ማረም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። እና ልጆቻችን ከሰሌዳ ሲገለብጡ ይውላሉ። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ይገቡና መመረቂያ ጽሑፍ አምጡ ይባላሉ። እኔ በመምህራኑ አልፈርድም። ማንም ያልጠየቀውን ነገር እኔ ቤት ውስጥ መጠየቅ እንዳለብኝ ግን ገብቶኛል።

ታዲያ ከየት ልጀምር? ብዙ ሰው «ሰዋስው ነው» ይላል። ስምና ግሥ፣ ባለቤትና ተሳቢ። እኔ መልሱን ያገኘሁት ከቅኔ ቤት ነው።

ጎረቤታችን አንድ መሪጌታ አሉ። ጎንደር ስሟ የገነነው በበዓታው አቋቋም፣ በማኅሌቱ ዜማና ሽብሸባ ነው፣ እሳቸው ግን ቅኔውንም ተምረዋል። አንድ ቀን ቡና ላይ ስለዚህ ጉዳይ ሳማክራቸው «ልጄ፣ ቅኔ ቤት እኮ እርሳስ አይያዝም» አሉኝ። ተማሪው ሌሊት ያስባል፣ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማለትም በልቡ ይደርሳል። የቆጠረውን በቃሉ ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርብና ይነግራል። መምህሩም እዚያው ይሰማሉ፣ እዚያው ያርማሉ። አጀማመሩ ደግሞ በትንሹ ነው። የመጀመሪያው የቅኔ ዓይነት ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ ነው። ዘአምላኪየ ሦስት። ዋዜማ አምስት። ሥላሴ ስድስት። መወድስ ስምንት። ሁለቱን ሳይችል ስምንቱን የሚነካ የለም። ሁለቷ ግን ሙሉ ናት። ትንሽ ስለሆነች ጎዶሎ አይደለችም።

ይህን ስሰማ እቅዴ ራሱ መልክ ያዘ። የጎጃሟን እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን አስቡ። ዓይነ ስውር ነበሩ። ቅኔውን ከአባታቸው ተምረው፣ ኋላ ራሳቸው ጉባኤ ዘርግተው አስተምረዋል። ፊደል ማየት የማይችል ሰው በዚያ ደረጃ ከደረሰ፣ ድርሰት መጀመሪያ የእጅ ሥራ አይደለም ማለት ነው። መጀመሪያ የጆሮና የአፍ ሥራ ነው።

ስለዚህ እኛ ቤት ሁለቱን ለይቻቸዋለሁ። የእጅ ጽሕፈት ለብቻው፣ ድርሰት ለብቻው።

የእጅ ጽሕፈቱ አጭር ነው። አስር ደቂቃ ገደማ፣ ከተረት ወይም ከዳዊት ጥቂት መስመር አስተካክላ ትገለብጣለች። በሳምንት አንዴ ዲክቴሽን አለ። ዲቃላዎቹን፣ እነ ሏንና ቋን፣ ሳንቆጥር 33 ፊደል በሰባት በሰባት፣ 231 ቅርጽ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ እጅ ያንን ሁሉ እያሰበ ሲሠራ፣ በጭንቅላቷ ያለው ሐሳብ ያመልጣታል። ለዚህ ነው ሁለቱን በአንድ ጊዜ የማልጭንባት።

ድርሰቱ ላይ እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ያለችውን ነው የምጽፈው፣ አላሳምርላትም። «እና ከዛ፣ እና ከዛ» ካለች «እና ከዛ» ብዬ እጽፋለሁ። ስጨርስ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብላታለሁ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ፦ «አራት ነጥቡን የት ላድርግ?» ቁጭ ብላ ታስባለች። «እዚህ ጋ» ትላለች በጣቷ። አንዱን «እና ከዛ» ራሷ ታስወጣዋለች። ዐረፍተ ነገር ምን እንደሆነ እኔ አልነገርኳትም፣ እየሰማች ነው የምትለየው።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ እንቆቅልሽ እንጫወታለን። እንቆቅልሽ ድሮ የምናውቀው ጨዋታ ነው፣ ግን ለስዕላዊ ጽሑፍ ከዚህ የተሻለ ልምምድ አላገኘሁም። ስሙን ሳትጠሪ ነገሩ እንዲታወቅ ማድረግ አለብሽ፣ ግን ቶሎ እንዳይታወቅም። በቅርቡ ራሷ የፈጠረችው ይኸውላችሁ፦ «አንድ ጆሮ አላት፣ አትሰማም። አንድ አፍ አላት፣ አትበላም። በቀን ሦስቴ እሳት ላይ ትቀመጣለች።» አባቷ ጠፋበት። «ሀገር ስጠኝ» አለችው፣ ጎንደርን ሰጣት። ጀበና ነበረች። ሦስት ዐረፍተ ነገር፣ አንድም ትርፍ ቃል የለውም። «በጣም የምታምር ጀበና» ብላ ብትጀምር እኮ ጨዋታው ፈረሰ።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስንሄድም ይህንኑ እንሞክራለን። ጣሪያውን የማያውቅ ጎንደሬ የለም፣ መላእክቱ በረድፍ በረድፍ የተሳሉበት። መጀመሪያ ያለችኝ «ጣሪያው ላይ ብዙ መላእክት አሉ» ነው። ልክ ነው፣ ግን ይህን ማንም ይለዋል። «አንዱን ምረጪና እሱን ብቻ ንገሪኝ» አልኳት። አንጋጣ ቆየች፣ አንገቷን እስኪያማት። ከዚያ «ክንፉ ከአንገቱ ነው የሚጀምረው፣ ገላ የለውም። ዓይኑ ወደ ጎን ያያል። አንድ ሰው የጠራው ይመስላል» አለች። ቤት ስንገባ እንዳለችው ጻፍኩት። ይህ እንግዲህ በእኔ እምነት የአንድ ሳምንት ሙሉ ትምህርት ነው። መጠየቅ እንጂ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

አሁን ወደ መሰላሉ ልምጣ። ከዚህ ዓመት ጀምሮ በራሷ እጅ የምትጽፈው ሁለት ዐረፍተ ነገር ነው። በቀን ሁለት ብቻ። መስፈርቴ ግን አንድ ነው፣ ሁለተኛው ለመጀመሪያው መልስ መስጠት አለበት። «አያቴ ጠላ ስትጠምቅ ማንንም አታናግርም። ካወራች የጌሾው ልክ ይጠፋባታል።» ይህቺ ለእኔ የእሷ ጉባኤ ቃና ናት። የመጀመሪያው «ለምን?» ያስብላል፣ ሁለተኛው ይመልሳል። እንዲህ ያለችው ሳትቸገር ስትመጣላት ወደ ሦስት፣ ከዚያ ወደ አምስት እንሄዳለን። እስከ 11 ዓመቷ ስምንት ዐረፍተ ነገር ያለው ጥሩ አንቀጽ ከጻፈች ይበቃኛል። በዚያ ዕድሜ ሦስት ገጽ የሚጽፉ ልጆች አሉ፣ አውቃለሁ። እኔ ርዝመት አያስቸኩለኝም።

እርማቱም እንደ ቅኔ ቤቱ ፊት ለፊት ነው። ቀይ እስክሪብቶ የለም። ጮክ ብላ ታነባለች፣ እኔ እሰማለሁ። ያልገባኝን «እዚህ ጋ ማን ነው የመጣው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙውን ስሕተት ስታነበው ጆሮዋ ይይዘዋል። ስለ ሞክሼ ፊደላት ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁኛል፣ ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ። እስከ አስር ዓመቷ ድረስ የትኛውንም ብትጠቀም አላርማትም። ከዚያ በኋላ ከግእዙ እያየን እንማራቸዋለን። ልዩነቱ የሚገባው ምንጩን ሲያዩት ነው። በዚህ የማይስማሙ አሉ፣ መሪጌታም አልተስማሙም። «ከጅምሩ ነው እንጂ» ብለውኛል። ክርክራችን እንደቀጠለ ነው።

ከ11 እስከ 13 ያለውን ዘመን በጣም ነው የምጓጓለት። በዚህ ጊዜ ጽሑፏ ከቤት እንዲወጣ እፈልጋለሁ፣ የሚቀበለው ሰው እንዲኖረው። መጀመሪያ ደብዳቤ። ደባርቅ ያሉ ትልቅ ሰው ዘመድ አሉን፣ ለእሳቸው በወረቀት ትጽፋለች። «ለጤናዎ እንደምን አሉ» ብላ ጀምራ እስከ መጨረሻው ድረስ አንቱታውን መጠበቅ ቀላል አይደለም። ልጆች ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ «አንቺ» ብለው ቁጭ ነው። ያው ወሬ ለአክስቷ ልጅ ሲጻፍ ደግሞ ሌላ ነው፣ ዐረፍተ ነገሩ ያጥራል፣ ቀልድ ይገባበታል። ለማን እንደምትጽፍ ማወቅን ከዚህ በላይ የሚያስተምር ነገር አላውቅም።

ቀጥሎ ቃለ ጉባኤ። የእድራችን ስብሰባ ላይ አጠገቤ ትቀመጥና ማን ምን እንዳለ ትይዛለች። ቀኑ፣ የተገኙ አባላት፣ አጀንዳው፣ የተወሰነው። ለእድሩ አይደለም፣ ለልምምድ ነው። እድር ላይ ሰው ሲናገር ከሩቅ ነው የሚነሳው። ግማሽ ሰዓት የተወራውን በሁለት መስመር፣ ያውም ተናጋሪውን ሳይበድሉ ማስፈር ከባድ ችሎታ ነው። ከዚያ ማመልከቻ። በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ራፖር ጸሐፊዎች አሉ፣ ሥራቸውን አከብራለሁ፣ ለስንቱ ደርሰዋል። ልጄ ግን የራሷን ጉዳይ ራሷ እንድትጽፍ እሻለሁ። ቀን፣ ለማን፣ ጉዳዩ፣ ምን እንደሆነ፣ ምን እንደምትጠይቅ። አንድ ገጽ ሳይሞላ። ይህን የሚችል ሰው በየቢሮው ሲንከራተት ቢያንስ ቃሉ በእጁ ነው።

ከ14 በኋላ ያለውን በዝርዝር አላቀድኩም። መማሪያ መጽሐፎቹ ድርሰትን ተራኪ፣ ገላጭ፣ ስዕላዊ፣ አመዛዛኝ ብለው ይከፍሉታል። ሦስቱን እስከዚያ ድረስ ስሙን ሳንጠራው ሠርተነዋል። የሚቀረው አመዛዛኙ ነው፣ ሐሳቦችን አስተያይቶ አቋም የሚይዘው። እዚህ ላይ የጎንደር የትርጓሜ ጉባኤ፣ የቅዱሳት መጻሕፍት ፍች የሚሰጥበት ትምህርት፣ ይረዳኛል ብዬ አስባለሁ። «አንድም» እያለ ነው የሚያወርደው። አንዱን ፍች ይሰጥና ሌላውን ደግሞ በሙሉ ክብሩ ያስቀምጣል። ልጄም እንዲሁ፣ የራሷን አቋም ከመጻፏ በፊት የማትስማማበትን ሰው ሐሳብ፣ ሰውየው ቢያነበው «አዎ፣ እንዲህ ነው ያልኩት» እስኪል ድረስ ትጽፈዋለች። ርዕስ አይጠፋም። የፋሲል ግቢ በ1979 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዩኔስኮ ተመዝግቧል። የቆየ ግንብ ሲታደስ እስከ ምን ድረስ ይነካ? ግንበኛውን ትጠይቅ፣ አስጎብኚውን ትጠይቅ፣ አጥሩ ሥር ሻይ የምትሸጠውን ትጠይቅ። ከዚያ ትጻፍ።

እቅዱን የምከልሰው በጳጉሜ ነው። በየወሩ አንድ ጽሑፍ፣ ቀን ተጽፎበት፣ ክላሰር ውስጥ ይገባል። ምርጫው የእሷ ነው። ጳጉሜ ላይ አብረን እናነበዋለን፣ ከመስከረም ምን እንደምንጀምር ያኔ እንወስናለን። ዕድሜዎቹን የጠቀስኳችሁ ለእኔ መንገድ እንዲያሳዩኝ እንጂ ልጅቷን እንዲጎትቷት አይደለም። ብትዘገይ እዚያው እንቆያለን።

አንድ ነገር ቀረኝ፣ እንግሊዝኛ። ብዙዎቻችሁ «ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው፣ ለምን በአማርኛ ጊዜ ትፈጂያለሽ?» ትሉኛላችሁ። ጭንቀቱ ይገባኛል። እንግሊዝኛውን አልተውነውም፣ በየቀኑ እናነባለን፣ እናወራለን። በእንግሊዝኛ መጻፍ ግን 11 ዓመት ገደማ ነው የምንጀምረው፣ የምትጽፈውም መጀመሪያ የራሷን የአማርኛ ጽሑፍ ነው። ያቺን የጠላዋን ሁለት ዐረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ትሞክራታለች። የምትለውን ታውቀዋለች፣ የሚቀራት ቋንቋው ብቻ ነው። ሐሳብም ቋንቋም በአንድ ጊዜ የጠፋበት ልጅ ወረቀት ላይ ሲያፈጥ አይቻለሁ፣ አንጀት ይበላል። በዚህ ላይ ሌላ የሠራላችሁ መንገድ ካለ፣ በተለይ ትልልቅ ልጆች ያሏችሁ፣ በድምፅ ቅዱልኝና ላኩልኝ። በሚቀጥለው ዝግጅት አሰማዋለሁ። ደህና ሰንብቱ።