አንድ ሳፋ አፈር
(በዓለም አቀፍ የብዝኃ ሕይወት ቀን ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለወላጆች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶች፣ መምህራንና ወላጆች፤ ውድ የተፈጥሮ ክበብ አባላት፤

እንደምን አረፈዳችሁ! ከስሜ በፊት «የክብር እንግዳ» ተብሎ መጻፉን አይቻለሁ። ተማሪዎቹ ግን እንግዳ እንዳልሆንኩ ያውቃሉ፤ ከጥቅምት ጀምሮ በየወሩ እየመጣሁ አፈር ሳስቆፍራቸው የከረምኩ ሰው ነኝ።

ዛሬ ግንቦት 14 ነው። የብዝኃ ሕይወት ስምምነት ናይሮቢ ላይ የጸደቀው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1992 በዚህ ዕለት ስለነበረ ዓለም ቀኑን ያስበዋል። ስለ ስምምነቱ ይህን ካልኩ ይበቃል። እኔ የመጣሁት ስለ ሳፋ ላወራ ነው።

አስቀድሜ፣ አባቶች ባሉበት አንድ ነገር ልናዘዝ። የመጀመሪያው ቀን ትምህርቴን አሰናድቼ፣ ሥዕልና ሠንጠረዥ ይዤ፣ የዋልታ ድብ ሳይቀር ጨምሬ ነበር የመጣሁት። ብዙ ካወራሁ በኋላ ከኋላ የተቀመጠች የሰባተኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣችና «ድቡ ምን ይበላል?» አለችኝ። መለስኩላት። «የቤተ ክርስቲያናችንን የጥቁር እንጨት ፍሬስ ማን ነው የሚበላው?» አለች። «ወፎች» አልኳት። «የትኞቹ?» አለች። ዝም አልኩ። ዶክተር የሚባለው ማዕረግ እንዲህ ያለ ሰዓት ላይ ይከብዳል።

በሚቀጥለው ወር ሥዕሎቹን ቤቴ ትቼ ከተማሪዎቹ ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደን ገባን። ወይራ፣ ዝግባ፣ ብሳና፣ ዶቅማ፣ አጋም፣ ቀጋ፣ ክትክታ እያሉ ስሙን ዘረገፉት። አንዱ ጋን በወይራ እንደሚታጠን ነገረኝ፤ ሌላው ከበሮ ከዋንዛ እንደሚሠራ አስረዳኝ። የእኔ ድርሻ በየስሙ አጠገብ የላቲኑን መጻፍ ብቻ ሆነ። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው እዚሁ ደቡብ ጎንደር በ28 የቤተ ክርስቲያን ደኖች ባደረጉት ጥናት 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግበዋል። ዙሪያው ሁሉ እርሻና ግጦሽ በሆነበት አገር ይህ ሁሉ የተረፈው በቅጽሩ ውስጥ ነው።

ሳፋው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። መጋቢት ላይ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ቅጠሉን ገለጥ አድርገን አፈር ወሰድን፤ ግርጌያቸው በተበሱ ሳፋዎች ሞላንና ተማሪዎቹ በተራ ጠዋት ጠዋት ውኃ ያጠጡ ጀመር። ጥያቄው አንድ ነበር፦ እናት ዛፎቹ ነገ ቢቆረጡ አፈሩ ውስጥ ምን ተቀምጦልናል? አብዛኞቹ «ወይራ ይበቅላል» ብለው ተወራረዱ።

የበቀለው ሣር ነው። ከሣሩ ቀጥሎ አረም፣ ከአረሙ ቀጥሎ ሌላ አረም። ልጆቹ ያጠፉ መሰላቸው፤ እንዲያውም በሦስተኛው ሳምንት አንዱ ሳፋ ላይ ባቄላ በቀለ። የማን እጅ እንደሆነ አልመረመርንም። ደግ ሰው መሆኑን ግን አምናለሁ፤ እኔን ላለማሳፈር ያደረገው ነው።

ነገር ግን ያጠፋ አልነበረም። በእነዚሁ ደኖች አፈር ላይ የተሠራው ጥናትም ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ከአፈሩ የሚበቅለው በብዛት ሣርና ቅጠላ ቅጠል ነው። የብዙዎቹ የደን ዛፎች ዘር አፈር ውስጥ ብዙ አይቆይም። ቶሎ ይበቅላል፣ አለበለዚያ ይበላል ወይም ይበሰብሳል። የጤፍ ጎተራ እናውቃለን፤ ዶቅማ ግን ጎተራ የለውም። ያለው ዛፉ ራሱ ነው። ይህን እኔ ብናገረው ኖሮ ለፈተና ሸምድደውት ይረሱት ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ውኃ አጠጥቶ ወይራ ያጣ ልጅ ግን አይረሳውም።

ለመምህራን አንድ ነገር ልበል። «ተፈጥሮ ራሷ ላቦራቶሪ ናት፤ ሌላ ምን ያስፈልጋል?» የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ አልስማማም። ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋችኋል፤ እስኪሰጣችሁም ድረስ ጠይቁ። እስኪመጣ ግን መልሱን እናንተም የማታውቁትን ጥያቄ ለተማሪ ለመስጠት አትፍሩ። የዚህ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር «እኔም አላውቅም፤ እንቁጠር» ያሉ ቀን ክፍሉ ሌላ ክፍል ሆኖ ነበር።

ለሙያ ባልደረቦቼ የምለው ከዚህ ይጠነክራል። በዓመት አንድ ጊዜ መጥቶ ችግኝ መትከልና ፎቶግራፍ ተነሥቶ መሄድ ማስተማር አይደለም። ተማሪዎች የቆጠሩትን ከወሰዳችሁ ውጤቱን መልሳችሁ አምጡላቸው። እኔም ከዓመታት በፊት ከሌላ ትምህርት ቤት የወሰድኩትን መዝገብ ሳልመልስ ቀርቻለሁ፤ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ያቺ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ጥያቄዋን አልተወችም። ከጥቁር እንጨቱ ሥር ደብተር ይዛ ስንት ጠዋት እንደተቀመጠች እናቷ ያውቃሉ። ያየቻቸውን ወፎች ከእኔ ቀጥላ ራሷ ታነብላችኋለች፤ አልሻማትም።

ሳፋዎቹ ከአዳራሹ ጀርባ ተደርድረዋል። አራተኛው ላይ ሁለት ቅጠል ያወጣ አንድ ነገር አለ። ሣር አይደለም፤ ባቄላም አይደለም፣ አጣርቻለሁ። እኔም ተማሪዎቹም ልንለየው አልቻልንም። አባቶችም እናቶችም ስትወጡ ጎንበስ ብላችሁ እዩልን፤ በመዝገቡ ላይ የስሙን ቦታ ባዶ ትተነዋል፤ እርሳሱም እዚያው አለ።